የኤሊየን እንስሳት ማርቢያ ጌሙን ሦስት ሳምንት ተጫወትኩት፣ "ጠበኝነት" የምትለዋ ስላይደር ግን ደሜን አፈላችው

የጌሙን ስም አልጠራም። ታች ላይ የምነግራችሁ የተቃጠልኩበት ጉዳይ ስላለ ስም ማጥፋት እንዳይመስልብኝ ነው፣ ደሞ ማውራት የፈለኩት ስለ አንድ ነገር ስለሆነ ስሙ ብዙም አይጠቅምም። ባጭሩ ፕላኔት ትሠራለህ፣ ስበቱን፣ አየሩን፣ ሙቀቱን፣ ምግቡ የት የት እንደሚበቅል ትወስናለህ፣ ከዛ አንድ የሆነች ፍጥረት ትለቅበትና ሰዓቱን ታፈጥነዋለህ፣ እነሱ በራሳቸው ጊዜ እየተባዙ፣ እየሞቱ፣ ልጆቻቸው ከወላጆቻቸው ትንሽ ትንሽ እየተለዩ ይሄዳሉ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታያለህ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ካገኘሁ እንቅልፍ የለኝም፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እዚሁ ላይ ነበርኩ።

የወሰድኩት ለአንድ ጥያቄ ብዬ ነው። ሌላ ፕላኔት ላይ እንስሳ ቢኖር ጠበኛ ነው የሚሆነው ወይስ የዋህ? ይሄን ከሰው ጋር አውርታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፣ ግማሹ "ኤሊየን ማለት ጥርሱን አግጦ የሚመጣ አውሬ ነው" ይላል፣ ግማሹ ደሞ "ይሄን ያህል ዘመን የኖረ ፍጥረት ጠብን እርግፍ አርጎ ትቶታል" ይላል፣ ሁለቱንም ለምን ብትላቸው ግን መልስ የለም። እኔ የፈለኩት ለምን የሚለውን ነበር። ጌሙ ማስተዋወቂያው ላይ "እውነተኛ ኢቮሉሽን" ይላል፣ እሺ እንያችኋ አልኩ።

እንስሳ መሥሪያው ገጽ ላይ ስትገባ እግር ስንት፣ ዓይን ስንት፣ ቆዳ ምን ዓይነት እያልክ ትመርጣለህ፣ ከነዚህ ሁሉ ቀጥሎ ከ0 እስከ 100 የምትሄድ "ጠበኝነት" የምትባል ስላይደር ተደርድራለች። ወደ ቀኝ ስትገፋት እንስሳው ጥርሱን ያገጥጣል፣ ወደ ግራ ስትመልሳት ዓይኑ ትልልቅ ይሆንና አንጀት ይበላል። በቃ። ያን ሁሉ ፊዚክስ ሠርተው፣ የውኃውን ፍሰት እንኳ አስልተው፣ እዚህ ጋ ሲደርሱ ደክሟቸው የተኙ ነው የሚመስለው።

ጠብ እኮ እንደ ቆዳ ቀለም እንስሳው ላይ ተለጥፎ የሚዞር ነገር አይደለም። ክሪኬት የሚባለውን፣ ማታ ማታ የሚጮኸውን የፌንጣ ዘመድ ውሰዱ። ሁለት ወንዶች ይገጥሙና አንዱ ይሸነፋል፣ የተሸነፈው ከዛ በኋላ ሌላ ወንድ ባየ ቁጥር ይሸሻል፣ እሺ ፈሪ ነው እንበል። ያንኑ ፈሪ ወደ ላይ ወርወር አድርገህ ትንሽ በክንፉ እንዲበር ካደረከው ግን ተመልሶ መጥቶ ይገጥማል። ቻይና ውስጥ ክሪኬት የሚያዋጉ ሰዎች ይሄን ከድሮም ያውቁት ነበር፣ ሳይንቲስቶችም ላብራቶሪ ውስጥ ሞክረው እውነት መሆኑን አይተዋል። አሁን ለዚህ ክሪኬት በስላይደሯ ስንት ልንሰጠው ነው? 20? ከበረረ በኋላስ?

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን፣ ጠባይ በዘር አይወርድም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ዲሚትሪ ቤልያየቭ የሚባል የዘረመል ተመራማሪ ሰው ሲቀርባቸው የማይናከሱትን ቀበሮዎች ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ፣ ጥቂት ትውልድ እንዳለፈ ሰው ሲያዩ ጭራቸውን የሚቆሉ ግልገሎች መወለድ ጀመሩ። ስለዚ ዘር ውስጥ የሆነ ነገር አለ። እዛ ግን መራጩ ሰው ነው፣ ቤልያየቭ "አንተ ና፣ አንተ ሂድ" ይላል። ጌሙን ስትጫወትም ስላይደሯን የምትገፋው አንተ ነህ፣ ማለትም ቤልያየቭን ነው የምትሆነው እንጂ ኢቮሉሽን አይደለም እየሠራ ያለው። ሰው በሌለበት ፕላኔት ላይ መራጩ ማነው?

ሒሳቡ ነዋ። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ይባል የለ፣ ተረቱ ላይ በሬው አንድ ነው፣ እዚህ ግን ሺህ በሬ አለ። ሳሩን ብቻ ያዩት ገደል ገብተው ልጅ ሳይተኩ ቀርተዋል፣ ገደሉን ብቻ ያዩት ደሞ ከሳሩ ርቀው በረሃብ አልቀዋል፣ ዛሬ ቆመው የምናያቸው ሳርና ገደሉን አመዛዝነው የተረፉት ልጆች ናቸው። ሳሩ ምግብ ሊሆን ይችላል፣ ጎጆ ሊሆን ይችላል፣ ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ገደሉ ደሞ ቁስል፣ ድካም፣ ጊዜ ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ሜይናርድ ስሚዝ እና ጆርጅ ፕራይስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ይሄንኑ በሒሳብ ቁጭ አርገውታል፣ ከሱ የመጣው ነው በኋላ የጭልፊትና የእርግብ ጨዋታ ተብሎ የታወቀው። ጭልፊትና እርግብ ስለተባለ ሁለት ዓይነት ወፍ እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ዓይነት እንስሳ ናቸው፣ አንዱ ሁሌ ይገጥማል፣ አንዱ ያስፈራራና ከገጠሙት ይሄዳል።

ደግነቱ ጌሙ ውስጥ፣ ሴቲንግ፣ ከዛ አድቫንስድ፣ ከዛ ወደ ታች ወርዳችሁ ወርዳችሁ የመጨረሻው ላይ ስላይደሯን የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። ለምን እዛ እንደደበቁት አላህም ያውቀው። እሷን ስታጠፋ በቁጥር ፋንታ ደንብ ትሰጣቸዋለህ፣ "ሌላ ካገኘህ ግጠም"፣ "ሌላ ካገኘህ አስፈራራ፣ ከገጠመህ ሽሽ" እያልክ፣ የምግቡን ጥቅምና የቁስሉን ጉዳትም አንተ ትሞላለህ። እዚህ ጋ ነው ጌሙን የወደድኩት። ምግቡን 20፣ ቁስሉን 80 አርጌ ግማሽ ግማሽ ለቅቄ ተኛሁ። በሒሳቡ መሠረት ሳሩን ለገደሉ ስታካፍል የገጣሚዎቹ ድርሻ ይመጣል፣ 20 ለ80 ሲካፈል ሩብ ነው። ጠዋት ስነሳ ግራፉ ከፍ ዝቅ እያለ ሩብ አካባቢ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶኛል! ብቻዬን ሳቅኩ። ገጣሚዎቹ ሲበዙ እርስ በርስ እየተገናኙ ይሰባበራሉ፣ ስለዚ ይቀንሳሉ፣ ሲቀንሱ ደሞ የሚገናኙት ከሸሺ ጋር ስለሆነ በነጻ ይበላሉ፣ ስለዚ ይበዛሉ። ማንም አልገፋቸው፣ ራሳቸው ናቸው እዛ የደረሱት። ልብ በሉ፣ እዚህ ፕላኔት ላይ "እነዚህ እንስሳት ጠበኛ ናቸው ወይ?" ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ ከአራቱ አንዱ ጠበኛ ነው፣ ሦስቱ አይደሉም፣ ዘራቸው ግን አንድ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነገር ግን ሌላ ነው፣ እሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

"ለስላሴ" ብዬ የጠራኋቸው እንስሳት ነበሩኝ፣ ክብ ናቸው፣ ስድስት አጫጭር እግር አላቸው፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ሰማያዊ ነገር እየላሱ ነው የሚኖሩት፣ ጥርስ የሚባል የላቸውም። ሲገናኙ ግንባራቸውን ትንሽ ያነካካሉ ከዛ አንዱ ዞር ይላል፣ እንደዛ ሆነው ስንት ሺህ ትውልድ ቆይተዋል። አሳዘኑኝ መሰለኝ ስጦታ ልስጣቸው አልኩ፣ እግራቸው ቢቆረጥ በአንድ ቀን መልሶ የሚበቅልበትን ችሎታ አበራሁላቸው። ቁስል ከሌለ ሕይወት ይጣፍጣል ብዬ ነው በቃ። ሄጄ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ድንጋዩ ሁሉ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘዋል። አንዱን አጉልቼ አየሁት፣ ከስድስቱ እግር የቀሩት ሁለት ናቸው፣ በሁለቱ እየተሳበ ያቺን ሰማያዊ ነገር ለማንም አልሰጥም ብሎ ግንባሩን ይደቅናል፣ ጎኑ ላይ አዲስ እግር እንደ ቡቃያ ብቅ እያለ ነው። ሸሺዎቹ ጠፍተዋል፣ አንድም አልቀረም።

መጀመሪያ ባግ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ገደሉን ነው የደፈንኩላቸው! ቁስሉ ነገ የሚድን ከሆነ ከምግቡ ያነሰ ነው፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ካነሰ ደሞ ሒሳቡ ሩብ ምናምን አይልም፣ ሁሉም ይግጠም ነው የሚለው። ስለዚ ሌላ ዓለም ላይ አካሉ ቶሎ የሚተካ፣ የማይሰበር፣ የማይደማ እንስሳ ቢኖር እኛ በተፈጥሮው የተረጋጋ ይሆናል ብለን እንገምታለን፣ እኔ አሁን ተቃራኒውን ነው የምጠረጥረው።

ይሄን ካየሁ በኋላ ነው የሾላ ተርቦች ነገር የገባኝ። ሾላ ፍሬ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፣ የአንዳንዶቹ ዝርያ ወንዶች ክንፍ የላቸውም፣ እዛው ፍሬ ውስጥ ተወልደው፣ እዛው ውስጥ ካሉት ሴቶች ጋር ተገናኝተው እዛው ይሞታሉ፣ መንጋጋቸው ደሞ ትልልቅ ነው፣ እርስ በርስ አንገት ይቆራረጣሉ። ቢል ሃሚልተን የሚባል የባዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለነሱ ጽፏል። እነሱ ቁስላቸው አይድንም፣ ግን ለምን ይጠንቀቁ? ዛሬን ትተው የሚሄዱበት ነገ የለማ። ለስላሴዎቹ ነገ ስለማይወሰድባቸው ይዋጋሉ፣ ተርቦቹ መጀመሪያውኑ ነገ ስለሌላቸው ይዋጋሉ። ገደሉ ማለት ነገ ነው እንግዲህ። አንድ ኤሊየን እንስሳ ምን ያህል ይዋጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጥርሱን ሳይሆን ዕድሜውን ነው መጀመሪያ የምጠይቃችሁ፣ ስንቴ ይወልዳል፣ ዛሬ ቢያመልጠው ነገ ሌላ ዕድል አለው ወይ።

አሁን ጌሙ በጣም ያማረበት ቦታ ልምጣ፣ የምግብ ካርታው። ብሩሽ ይሰጥሃል፣ ምግቡን እንደ ጉም ፕላኔቱ ላይ በስሱ መበተን ትችላለህ፣ ወይም እንደ ነጥብ አንድ ቦታ መከመር ትችላለህ። አንድ ዓይነት እንስሳ፣ አንድ ዓይነት የምግብ መጠን፣ ልዩነቱ አቀማመጡ ብቻ፣ ውጤቱ ሰማይና ምድር ነው። በስሱ ሲበተን ማንም ማንንም ዞሮ አያይም፣ አንዱን ሳር ለመጠበቅ የምታጠፋው ጉልበት ሄደህ ሌላ ከመፈለግ ይበልጣላ። ሲከመር ድንበር ይጀመራል። ኬንያ ውስጥ አበባ የሚመጥጡ ወርቃማ ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ወፎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 ጊል እና ዎልፍ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ይሄንኑ ነው፣ ወፎቹ አበባቸውን የሚጠብቁት ከጥበቃው የሚያተርፉት የአበባ ማር ለጥበቃው ከሚያወጡት ጉልበት ሲበልጥ ነው፣ ካልሆነ ጥበቃውን ይተዉታል። ያው ወፍ ነው እኮ፣ አንዴ ባለርስት ነው አንዴ አይደለም።

ከዛ አልፌ ምግቡን ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። ጠባብ ጉድጓድ፣ አንድ በር፣ አንድ እንስሳ ብቻ የሚያስገባ። ይሄ ከራሴ አይደለም፣ ከእበት ጥንዚዛ ነው የሰረቅኩት። እበት እያንከባለሉ የሚወስዱት ጥንዚዛዎች አብዛኞቹ ቀንድ የላቸውም፣ መሬት ውስጥ ዋሻ ቆፍረው የሚያስገቡት ውስጥ ግን ቀንዳሞቹ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ዋሻ ውስጥ ስትገጥም አንድ ለአንድ ነው፣ ከኋላ የሚከብህ የለም፣ በሩን በአካል መድፈን ትችላለህ፣ እዛ ጋ ትልቅ ቀንድ ዋጋ አለው። ሜዳ ላይ ከአምስት አቅጣጫ ሲመጡብህ ቀንድህ ምን ያደርጋል። ጌሙ ውስጥም ትንሽ ዘገየ እንጂ ግንባራቸው ላይ የሆነ ጉብታ ብቅ አለ፣ ከዛ ረዘመ፣ ከዛ ለመሄድ እንኳን እስኪያስቸግራቸው ረዘመ። ደሞ ማን መጣ መሰላችሁ፣ ቀንድ የሌላቸው ትንንሽ ወንዶች። ሁለቱ ቀንዳሞች በር ላይ ሲተጋተጉ እነሱ በጎን ቀዳዳ ሰርስረው ገብተው ከሴቷ ጋር ጨርሰው ይወጣሉ፣ ግርግር ለሌባ ይመቻል ማለት ይሄ ነው። እውነተኞቹ ጥንዚዛዎችም በትክክል እንደዚህ ያደርጋሉ፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይሄን አስበው ይግባ ወይ ሳያስቡት ይምጣ አላውቅም፣ ግን ባርኔጣዬን አነሳሁ።

ስላደነቅኩ ዝም ልል አይደለም ግን። አንደኛ ጌሙ አዳኝን ከጠበኛ ጋር ይቀላቅላል፣ ሥጋ በል ካደረከው ራሱ ስላይደሯን ወደ 70 ይገፋታል። አንበሳ ሚዳቋን ሲይዛት ተቆጥቶባት ነው እንዴ? በድመት አንጎል ላይ የተሠሩ ጥናቶች ድመቷ አይጥ አድፍጣ ስትነክስ የሚሠራው መንገድና ጸጉሯን አቁማ ጮኻ ስትዋጋ የሚሠራው መንገድ የተለያዩ እንደሆኑ ካሳዩ ቆይተዋል። ሳር በል የሆነ ጉማሬ ደሞ ሂዱና የዋህ ነህ በሉት። ይሄ ስህተት ጌሙን እንደ ሕፃናት ካርቱን ነው ያደረገው።

ሁለተኛ፣ ጠቡ ሁሉ እስከ ሞት ነው። ማስፈራራቱ ለግማሽ ሰኮንድ ይታይና ዘለው ይያያዛሉ። እውነተኛው ዓለም ላይ አብዛኛው ጠብ ሳይጀመር ነው የሚያልቀው! ስኮትላንድ ውስጥ ረም የምትባል ደሴት ላይ ቀይ አጋዘኖችን ያጠኑት ክላተን ብሮክ እና አልበን እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉትን ብታነቡ፣ ሁለት ወንዶች ሲገናኙ መጀመሪያ ይጮሃሉ፣ እየተፈራረቁ፣ ማን ብዙ መጮህ እንደቻለ ይለካካሉ፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ መጮህ አቅም ይጠይቃል። በጩኸት ካልለየላቸው ጎን ለጎን ሆነው ይራመዳሉ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ቁመት ለቁመት እየተያዩ። ከዛም ካልለየላቸው ነው ቀንድ ለቀንድ የሚገጥሙት። ለመርዛም እባቦችም እንደዛ ነው፣ ራትልስኔክ የሚባሉት ወንዶቹ ሲጣሉ አይናደፉም፣ ተቃቅፈው ማን ማንን መሬት ያስነካል ነው። ጌሙ ውስጥ ይሄ ሁሉ መለካካት የለም። ማስመሰልም የለም፣ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊቱን ቀይሮ ገና ለስላሳ እያለ፣ ቢመቱት የሚሞትበት ሰዓት ላይ፣ ክንዱን ዘርግቶ "ና እስቲ" ይላል፣ ውሸቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ይሠራለታል። ኤሊየን እንስሳ ላይ በጣም ማየት የምፈልገው ይሄን ነበር። ጆሮ በሌለበት ዓለም ምን ብለው ይፎካከራሉ? በጠረን? በመብረቅ? ጨለማ ባሕር ውስጥ በብርሃን? ምንም። ዘለው ይያያዛሉ።

ዝምድናን የሚቆጥር ቁልፍ አለ፣ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ራሳችሁ አብሩት። ሳታበሩት ወንድምም ባዳም እኩል ነው፣ የንብ ቀፎ የመሰለ ነገር መቼም አታገኙም። እኔ አብርቼ እየተከፈሉ የሚባዙ ፍጥረቶች ለቀቅኩ፣ ግማሹ ከአንዷ የተከፈሉ፣ ግማሹ ከሌላዋ። ያገኘሁት ነገር በሰሜን አሜሪካ የፓሲፊክ ዳርቻ ላይ ያሉት አኒሞኒ የሚባሉ የባሕር እንስሳት የሚያደርጉትን ነው። እነዚያ አበባ የሚመስሉ፣ አንጎል የሌላቸው እንስሳት ራሳቸውን እየከፈሉ ድንጋዩን ያለብሱታል፣ ከራሳቸው ቅጂ ጋር ተነካክተው ይኖራሉ፣ ከሌላ መስመር የመጣ ሲነካቸው ግን ለዚሁ ብቻ የተሠራ ነጭ ጫፍ ነፍተው ያቃጥሉታል፣ በሁለቱ መሃል ማንም የማይቀመጥበት ባዶ መስመር ይቀራል። አንጎል የለውም፣ ተናደደ ማለት አይቻልም፣ ድንበር ግን አለው። የኔዎቹም መሃላቸው ላይ ባዶ መንገድ ተዉ፣ ከላይ ሲታይ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ውስጡ ሰላም፣ ጠርዙ ጦርነት። ሰላማዊ ኤሊየን ወይስ ጠበኛ ኤሊየን ለሚሉት ሰዎች ይሄን ስክሪን ሻት ነው የምልክላቸው።

ጌሙ ስበት ላይ ደካማ ነው። ስበቱን ስትጨምር እግር ያጥራል፣ ያ ትክክል ነው፣ ግን ጠባያቸው ላይ ምንም አይለወጥም፣ ከባድ ስበት ላይ እኮ ተገፍቶ መውደቅ ራሱ ሞት ነው፣ ትልቅ እንስሳ መተጋተግን መፍራት ነበረበት። በተቃራኒው የሳተርን ጨረቃ ታይታንን የመሰለ ቦታ፣ ስበቱ የመሬት አንድ ሰባተኛ አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ደሞ ከመሬት አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ እዛ ክንፍ ላለው ነገር መብረር ቀላል ነው፣ መብረር ቀላል ከሆነ መሸሽ ቀላል ነው፣ ደሞ በላይም በታችም ክፍት የሆነን ቦታ አጥሮ መጠበቅ ከባድ ነው። ስለዚ እኔ የምጠብቀው ብዙ ማሳደድ ትንሽ መቁሰል ነው። ሞከርኩት፣ እንደ ምድር በግ ቆመው ይገፋፋሉ። እያላቸው ክንፍ!

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል፤ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ከ5,000 እንስሳ በላይ ስትሆን ይንተፋተፋል፣ ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ የበረዶ ሥር ባሕሩ ላይ የውኃው ድምፅ ብቻውን አንድ ኮከብ ያሰጠዋል። በአጠቃላይ ከ5 ሦስት ተኩል፣ ስላይደሯን ካጠፋችሁ አራት።

የተቃጠልኩበት ጉዳይ ይሄው። ትራፒስት 1 የምትባል ቀይ ትንሽ ኮከብ አለች፣ 40 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ፣ ሰባት ፕላኔቶቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲሆኑ ብዙ ተወርቶላታል። ኮከቧን በጣም ተጠግተው ስለሚዞሩ አንድ ፊታቸው ሁሌ ቀን አንዱ ሁሌ ሌሊት ሊሆን ይችላል ይባላል። እንደነሱ ያለ ፕላኔት ሠራሁ፣ ቀኑ ገጽ ተቃጥሏል፣ ሌሊቱ በረዶ ነው፣ መሃል ላይ ፕላኔቱን እንደ ቀለበት የዞረች የማትመሽ የማትነጋ ጠባብ መስመር ናት የምታኖረው። ሁሉም እንስሳ እዛ ላይ ተደርድሯል። ደስ የሚለው ነገር፣ ቀለበት ላይ ጎረቤትህ ሁለት ብቻ ነው፣ በግራህ አንድ፣ በቀኝህ አንድ፣ ዕድሜ ልክህን ከነሱ ጋር ነህ። ወፎች ላይ በደንብ የታወቀ ነገር አለ፣ ባለርስት ወፍ የለመደውን ጎረቤቱን ድምፅ ሲሰማ ዝም ይላል፣ የእንግዳ ድምፅ ሲሰማ ነው የሚነሳው፣ ጎረቤቱ ድንበሩን ያውቃላ፣ እንግዳው ግን የሚፈልገው ቦታ ነው። ቀለበቷ ላይ ይሄ ጠባይ ሲበቅል ዓይኔ እያየ አስራ አንድ ማታ ፈጀብኝ። አስራ አንድ! ከዛ አፕዴት መጣ፣ ተጫነ፣ ስከፍተው ያ ሴቭ ፋይል የለም። ለድጋፍ ክፍላቸው ጻፍኩ፣ "ስለተጫወቱ እናመሰግናለን፣ ጌሙን አጥፍተው እንደገና ይክፈቱ" የሚል መልስ በሰኮንድ ውስጥ መጣ፣ ሰው እንዳልጻፈው ያስታውቃል፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ስጽፍ ያው ቃል በቃል። ሴቭ የምታደርጉትን ነገር ሌላ ቦታ ኮፒ አርጉ ማለት ነው።

ቀለበቷን እንደገና ጀምሬያታለሁ፣ አሁን ሰባተኛ ማታዬ ነው። ትናንት ሁለት ሽማግሌ ጎረቤታሞች ላይ አጉልቼ ነበር፣ መሃላቸው ያለችውን ድንጋይ አንዱ በዚህ አንዱ በዛ በኩል እየላሱ አንገታቸውን እንኳ ቀና አያደርጉም። የቀኝ በኩሉ በእርጅና ሞተ። ትንሽ ቆይቶ ባዶ ቦታውን ወጣት የሆነ እንግዳ ያዘው፣ ያቺኑ ድንጋይ በዛው በኩል መላስ ጀመረ፣ የሞተው የላሳትን ያህል፣ አንዲት ጣት አላለፈም። ሽማግሌው መላሱን ትቶ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ላባ መሳዩን ነገር አቆመ፣ እና ያ ሁሉ ዘመን ያልሰማሁትን ጩኸት ጮኸ።